መጋረጃው፣ ቀሚሱና ነጠላው

ሰው ከአገሩ ተሰዶ ሲወጣ ቤቱን በጫንቃው ተሸክሞ አይሄድም፤ እርሻውንም ከሥሩ ነቅሎ አይወስድም። የለበሰውን ልብስ ግን ይዞ ይሄዳል። ከእርሱ የተለየው ዘመዱም በበኩሉ ትቶት የሄደውን ልብስ አጣጥፎ በሣጥን ያኖረዋል፤ ናፍቆት በጸናበት ቀን አውጥቶ ያየዋል። ስለዚህ የመለያየት ታሪክ በድንጋይ ሐውልት ከመጻፉ አስቀድሞ በጨርቅ ላይ ተጽፎ ይገኛል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የቀደመው ምስክር መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት በ37ኛው ምዕራፍ እንደምናነበው ያዕቆብ ለሚወደው ልጁ ለዮሴፍ ያሠራለት ጌጠኛ ቀሚስ የፍቅር ምልክት ነበረ። ወንድሞቹ ዮሴፍን ለነጋዴዎች በሸጡት ጊዜ ግን ያ ቀሚስ በፍየል ደም ተነክሮ ወደ አባቱ ተላከ። ልጁ ወደ ግብፅ ወረደ፤ ልብሱ በከነዓን ቀረ። ያዕቆብም ልጄ ሞተ ብሎ ያመነው ጨርቁን አይቶ ነው፤ ከዚያም የራሱን ልብስ ቀዶ ማቅ ለበሰ። እንግዲህ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ልብስ አንድ ጊዜ የፍቅር፣ አንድ ጊዜ የሐሰት ምስክርነት፣ አንድ ጊዜም የኀዘን ምልክት ሆኖ ይታያል።

አገራችን ኢትዮጵያም የራስዋን የዮሴፍ ቀሚሶች አላት። ከእነርሱም ውስጥ ሦስቱን መርጠን በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢ ልናቀርብ ወደናል። አንደኛው በጐንደር ዘመን የተሠራ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ነው፤ ሁለተኛው የአንዲት ንግሥት ቀሚስ ነው፤ ሦስተኛው እኛ ሁላችን በበዓል ቀን የምንለብሰው ነጠላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከአገር ወጥተው በባዕድ አገር ይኖራሉ። ሦስተኛው በየቤታችን አለ፤ በውስጡ ያለውን የመለያየት ታሪክ ግን ጥቂቶች ብቻ ያነቡታል።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ሥራው ጥቂት እንናገር። በአገራችን ልማድ ጥጥን ዳምጣና አባዝታ በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ናት፤ ፈትሉን ተቀብሎ ድሩን ዘርግቶ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ የሚሠራው ወንዱ ሸማኔ ነው። ስለዚህ አንድ ጋቢ ያለ ሁለት ሰው እጅ አይሆንም። ድር ብቻውን ጨርቅ አይባልም፤ ማግም ብቻውን ልብስ አይሆንም። አባቶቻችን ተስማምተው የሚኖሩትን ባልና ሚስት «ድርና ማግ ሆኑ» ማለታቸው ይህን ሥራ በዐይናቸው እያዩ ስላደጉ ነው። የልብስ ነገር ከመጀመሪያው የቤተሰብ ነገር ነው።

አሁን ወደ መጋረጃው እንመለስ። ካህናት እንደሚያውቁት በቤተ ክርስቲያናችን መቅደሱን ከቅድስት የሚለየው መንጦላዕት ይባላል። በ18ኛው መቶ ዓመት በጐንደር መንግሥት ዘመን ለአንድ ቤተ ክርስቲያን የተሠራ እጅግ ታላቅ የሐር መንጦላዕት ነበረ። የመካከለኛው ክፍል ቁመት ከ5 ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱም 2 ሜትር ያህል ነው። አሠራሩም ዛሬ ሸማኔዎቻችን በጉድጓድ ላይ ተቀምጠው እንደሚሠሩት አይደለም። በአራት ማዕዘናቸው ቀዳዳ ያላቸው ብዙ ትንንሽ ገበታዎች ይዘጋጃሉ፤ በየቀዳዳው የሐር ክር ይገባል፤ ሠራተኛው ገበታዎቹን ባዞረ ቍጥር ክሮቹ እየተጠማዘዙ ሥዕሉን ያወጣሉ። በዚህ ዓይነት ብልሃት መቀነትና ጠባብ ጥብጣብ መሥራት በብዙ አገር የታወቀ ነው፤ ሰው የሚያህል ሥዕል ያለበት ይህን የሚያህል መጋረጃ መሥራት ግን በዓለም እምብዛም ያልታየ ጥበብ ነው። ሐሩም ራሱ መንገደኛ ነበረ፤ በምሥራቅ አገር ተፈትሎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በቀይ ባሕር ወደብ በኩል በነጋዴ በቅሎ ተጭኖ ጐንደር የደረሰ ነው።

በመጋረጃው ላይ ዘውድ የደፉ መኳንንት፣ ጋሻና ነፍጥ የያዙ ጭፍሮች፣ ካህናትም ይታያሉ። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የሆኑት ሚካኤል ጀርቨርስ ይህን መጋረጃ ለረጅም ጊዜ መርምረው ሥዕሉ የዐፄ በካፋን ሞት የሚናገር ነው ብለው ጽፈዋል። ዐፄ በካፋ ከ1713 ዓ.ም. ጀምረው ነግሠው በ1723 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጃቸው ኢያሱ የ7 ዓመት ሕፃን ነበረ። እናቱ እቴጌ ምንትዋብ ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋራ መንግሥቱን ያዙ። እንደ መምህሩ አነጋገር ከሆነ በሐሩ ላይ የምናየው ያ ቤተሰብ ነው፤ የሞተው አባት፣ መበለቲቱ እናት፣ በጭፍራ መካከል የቆመው ሕፃን ንጉሥ። መጋረጃው ሕዝቡን ከመቅደስ ይለይ እንደ ነበረ፣ ሞትም ባልን ከሚስት፣ አባትን ከልጅ መለየቱን በዚያው መጋረጃ ላይ አሳዩት።

ምንትዋብ ግን ልጃቸውን አላጡም። ሕፃኑ ከእናቱ ጕልበት ሳይርቅ አደገ፤ ዳግማዊ ኢያሱ ተብሎ እስከ 1747 ዓ.ም. ነገሠ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን የ7 ዓመት ሕፃን በልብህ ያዘው፤ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ ሌላ የ7 ዓመት ሕፃን እናያለንና።

የጐንደር ኃይል ከደከመ በኋላ በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማይቱን አስወርረው ከአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍትንና ንዋያተ ቅድሳትን ወደ መቅደላ አስወሰዱ። አሳባቸው በመቅደላ አምባ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን መሥራት ነበረ። እንግዲህ የመቅደላ ሀብት ወደ እንግሊዝ ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ ከገዛ ቤቱ ተነቅሎ ነበርና፣ ታሪክን ሳናዳላ ለመናገር ይህንም መጥቀስ ይገባል። የጐንደር ካህናት ያን ጊዜ ያፈሰሱት እንባ በኋላ በመቅደላ ከፈሰሰው ያነሰ አልነበረም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በሎርድ ናፒየር አዛዥነት መቅደላን ያዘ። ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጕጣቸው ሞቱ። ወታደሮቹም ግምጃ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን በዘበዙ። የተበዘበዘው ዕቃ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም ሁለት ቀን ሙሉ በጨረታ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ሰው ከጦሩ ጋራ ልኮ ነበረና እርሱ ለሙዚየሙ ብዙ ገዛ። ያ ታላቅ መንጦላዕትም በዚህ ጊዜ ተከፋፈለ። ተመራማሪዎች እንደሚሉት አስቀድሞ ሦስት ሆኖ ጎን ለጎን የሚሰቀል ነበረ። የጎኑ ክፍል ለንደን ገብቶ በብሪቲሽ ሙዚየም ይኖራል፤ መካከለኛው ክፍል በዘመቻው በነበረ በአንድ መኰንን እጅ ገብቶ፣ በመጨረሻ ውቅያኖስን ተሻግሮ በቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ተቀመጠ። አንድ ሥራ ሆኖ የተወለደ ነገር ዛሬ አትላንቲክ የሚባለው ባሕር በመካከሉ ተዘርግቶበታል። ስለ አንድ ቤተሰብ መለያየት የተሠራው ጨርቅ ራሱ እንደ ቤተሰብ ተለያየ።

ሁለተኛው ልብስ ከዚያው ከመቅደላ ወጣ። በለንደን ከተማ ቪክቶሪያና አልበርት በሚባለው ሙዚየም ከነጭ ጥጥ የተሠራ፣ በሐር ክር የተጠለፈ ቀሚስ አለ። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩነሽ ቀሚስ ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ይህች ንግሥት ጥሩ ወርቅም ትባላለች፤ የስሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናት። የእርስዋ ኑሮ ከመጀመሪያው የመለያየት ኑሮ ነበረ። አባትዋ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ድል ሆነው በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ታሰሩ፤ እርስዋም በኋላ አባትዋን ላሰረው ንጉሥ ተዳረች። አንድ ልጅ ወለደች፤ ስሙም ዓለማየሁ ተባለ።

መቅደላ በተያዘ ጊዜ ዓለማየሁ 7 ዓመት ይሆነው ነበረ። እንግሊዞች እናትንና ልጅን ይዘው ወደ ባሕር ጠረፍ ጕዞ ጀመሩ። እቴጌ ጥሩነሽ ግን የሳንባ በሽታ ታምማ ነበረና መንገዱን አልቻለችም፤ ግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ.ም. በትግራይ በእንደርታ አገር ሞተች፤ በጨለቆት ሥላሴም ተቀበረች። ከባልዋ ሞት እስከ እርስዋ ሞት ሠላሳ ሁለት ቀን ብቻ ነው። በነዚህ ሠላሳ ሁለት ቀኖች ውስጥ ሕፃኑ አባቱን፣ አምባውንና እናቱን አጣ። የእናቱ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ ግን በሕይወት ነበሩ፤ በኋላም ስለ ልጅ ልጃቸው ወደ እንግሊዝ ንግሥት ደብዳቤ ጽፈዋል። ሕፃኑ ዘመድ የሌለው ስለ ሆነ ወሰድነው የሚለውን ንግግር ይህ ደብዳቤ ብቻውን ያፈርሰዋል።

ዓለማየሁን የያዘው ካፒቴን ስፒዲ የሚባል አማርኛ የሚያውቅ መኰንን ነበረ። በሐምሌ ወር 1860 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ደረሱ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም በኦዝበርን ቤተ መንግሥትዋ ተቀበለችው። በዚያ ወራት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ሥዕሉን አነሣችው። ሥዕሉን ያየ ሰው አይረሳውም። ሕፃኑ ያገሩን ነጭ ልብስ ተጐናጽፏል፤ ዐይኑ ግን ፎቶግራፍ አንሺዋን አያይም። ያን ጊዜ በዚያ አገር ከእርሱ ጋራ የቀረው የኢትዮጵያ ነገር ያ የለበሰው ጨርቅና ከአፉ ያልጠፋው ቋንቋ ብቻ ነበረ። ጥቂት ቈይቶ ልብሱን በእንግሊዝ ልብስ ለወጡት፤ በባዕድ አገር ሲያድግም አማርኛው ከአፉ ጠፋ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ባጭሩ እንናገራለን። ዓለማየሁ ከስፒዲ ጋራ ሕንድ አገር ሄደ፤ ተመልሶ በቼልተናም፣ ቀጥሎም በረግቢ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ሳንድኸርስት ወደሚባለው የጦር ትምህርት ቤትም ገባ። በየስፍራው ብቸኛ ነበረ። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ በሽታ ሞተ፤ ዕድሜው 18 ዓመት ነበረ። ንግሥት ቪክቶሪያ በዕለት መዝገብዋ ላይ ያለ አንድ ዘመድ በባዕድ አገር ብቻውን መሞቱ እጅግ እንዳሳዘናት ጽፋለች። በዊንድሰር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቀበሩት። በመታሰቢያው ላይ ያስቀረጹት ቃል በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ስለ እንግዳ መቀበል የሚናገረው ነው። ካህናት ይህን ቃል ያውቁታልና ፍርዱን ለእነርሱ እንተወዋለን። እኛ አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃለን፤ እንግዳ ተቀበልን ለማለት እንግዳው በገዛ እግሩ ወደ ደጃችን የመጣ መሆን አይገባውምን?

አሁን እናትና ልጅን በካርታ ላይ እንመልከታቸው። የእናቲቱ አጥንት በትግራይ በጨለቆት ነው፤ የልጁ አጥንት በዊንድሰር ነው፤ የእናቲቱ ቀሚስ በለንደን ነው። ከዊንድሰር እስከ ለንደን አንድ ቀን ሳይሞላ በእግረኛ መንገድ ይደረሳል። ልጁ በሕይወት ሳለ በዚያ አገር ከእናቱ የቀረው የቅርብ ምልክት በሙዚየም መስተዋት ውስጥ ነበረ ማለት ነው። የዮሴፍ ቀሚስ ወደ አባቱ ተመልሶ ነበረ፤ የጥሩነሽ ቀሚስ ግን ወደ ልጅዋም ወደ አገርዋም አልተመለሰም።

በ2010 ዓ.ም. የመቅደላ ዘመቻ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ሙዚየሙ ይህን ቀሚስ ከሌሎች የመቅደላ ዕቃዎች ጋራ ለሕዝብ አሳየ። የሙዚየሙም ኃላፊ ዕቃዎቹ በረጅም ጊዜ ውሰት ለኢትዮጵያ ሊሰጡ ይችላሉ ብሎ ተናገረ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ለገዛ ሀብታችን ተዋሾች አንሆንም ብለው መለሱ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ጠጕር ከእንግሊዝ የጦር ሙዚየም ተመለሰ። ስለ ዓለማየሁ ዐፅም ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ለኢትዮጵያ ሁለተኛው ሺህ ዓመት በዓል ዋዜማ ለእንግሊዝ ንግሥት ጥያቄ አቅርበው ነበረ፤ በ2015 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሌሎቹን ሙታን ሳይነኩ እርሱን ማውጣት አይቻልም ብሎ እንቢታውን አስታወቀ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ከካፒቴን ስፒዲ ወገን የሆነ ቤተሰብ ሲያኖረው የነበረውን የዓለማየሁን የራስ ጠጕር ለኢትዮጵያውያን እጅ ሰጠ። ንጉሥ ከለከለ፤ ቤተሰብ መለሰ።

አንባቢ ሆይ፣ እስካሁን የተናገርነው ስለ ነገሥታትና ስለ ባዕዳን ነው። በባዕድ ላይ መፍረድ ደግሞ ቀላል ነው። ሦስተኛው ልብስ ግን ወደ ራሳችን ይመልሰናል።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጎፋ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ በደቡብ ኢትዮጵያ ከጋሞ ደጋ አጠገብ ያለውን፣ ቡልቂና ሳውላ የሚባሉት ከተሞች የሚገኙበትን የጎፋን አገር ያስታውሳል። የአዲስ አበባ ሰፈሮች ስም እንዲህ ነው፤ ወሎ ሰፈር፣ አደሬ ሰፈር፣ ጎፋ ሰፈር እየተባለ ሲጠራ ከተማይቱ ከሩቅ አገር በመጡ ሰዎች መገንባትዋን ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ነፋስ ስልክ የሚለውም ስም ልብ ሊባል ይገባዋል። አባቶቻችን ሽቦ ሳይዘረጋ ቃል የሚያስተላልፈውን መሣሪያ የነፋስ ስልክ ይሉት ነበረ። ስልክ የሚለው ቃል ደግሞ ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ክር ወይም ሽቦ ማለት ነው። የተለያዩ ሰዎችን በክር ማገናኘት የሚለው አሳብ በሰፈሩ ስም ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል።

የነጠላችን ታሪክ የሚጀምረው በዚያ በደቡብ አገር፣ ይልቁንም ከጎፋ ጎረቤት በጋሞ ደጋ ነው። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ብርድማ አገር ናት፤ ዶርዜም በአጠገብዋ ነው። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። ሰው እንሰት እየተከለ ይኖራል፤ እርሻው ለሁሉ ልጅ አይበቃም። ጥጥ ከቈላው፣ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ዳርቻ ይመጣል። ስለዚህ የደጋው ሰው ሽመናን ከአባት እየተቀበለ ለልጅ ያስተላልፋል። ዐፄ ምኒልክ ደቡቡን አገር ከያዙና አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ሸማኔዎቹ ገበያ ፍለጋ ወደ ዋና ከተማ ወጡ። ከእንጦጦ ተራራ ሥር በሽሮ ሜዳ ብዙዎቹ ሰፈሩ፤ በሌላውም የከተማው ክፍል ተበተኑ። ዛሬ የሐበሻ ልብስ ለመግዛት ከየአገሩ ሰው የሚመጣበት ሽሮ ሜዳ የእነዚያ ስደተኞች ሥራ ነው።

ሸማኔው ሲሰደድ ሚስቱ ብዙ ጊዜ በአገርዋ ትቀራለች፤ እንሰቱን ትጠብቃለች፣ ልጆችን ታሳድጋለች። ባልየው በከተማ ጠባብ ቤት ውስጥ ከአገሩ ልጆች ጋራ እየኖረ ገንዘብ ይልካል። ለመስቀል በዓል ግን አገሩ ይገባል። በጋሞና በጎፋ መስቀል የዓመቱ ሁሉ መደምደሚያ ነው፤ የተበተነው የሚሰበሰበው፣ የተጣላው የሚታረቀው፣ የታጨው የሚዳረው በዚያ ጊዜ ነው። ስለዚህ በነሐሴና በጳጕሜን የሸማኔው መወርወሪያ ይፈጥናል። እያንዳንዱ ክንድ ጨርቅ ወደ ቤት የሚያደርሰውን መንገድ ያሳጥርለታልና።

የነጠላው ጥለት የሠሪውን ናፍቆት በግልጥ አይናገርም፤ የለባሹን ግን ይናገራል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ አመሳቅሎ ይለብሰዋል። ኀዘን የደረሰበት ጥለቱን ወደ ላይ ያዞረዋል፤ ያየውም ሁሉ ሳይጠይቅ ያውቅለታል። ልጁ ወደ ባሕር ማዶ የሄደችበት እናት ጋቢና ነጠላ በሻንጣ ጠቅልላ ትልካለች፤ ልጅቱም በዚያ ብርድ አገር ስትለብሰው የእናትዋን ቤት ሽታ ታገኝበታለች። በነገር ሁሉ የሚለያየን ዘመን በልብስ ያገናኘናል።

ነገር ግን ከዚህ የሚከብድ ነገር አለ፤ እርሱንም ሳንናገር ማለፍ አይገባም። ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡት አዋቂዎች ብቻ አይደሉም። ዐሥር ዓመት የማይሞላቸው ሕፃናት ሳይቀሩ ከወላጆቻቸው ተለይተው በሸማኔ ቤት ተቀምጠው እንደሚሠሩ ብዙ መርማሪዎች ያረጋገጡት ነገር ነው። የሚወስዳቸው ሰው ብዙ ጊዜ ባዕድ አይደለም፤ ዘመድ ወይም ያገር ልጅ ነው። ለአባትየው ልጅህን ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ፣ ሙያም አስይዘዋለሁ ይለዋል። መሬት የጠበበው አባትም ያምነዋል። ሕፃኑ ግን ከተማ ሲደርስ ከማለዳ እስከ ሌሊት በጉድጓዱ ዳር ይቀመጣል፤ እግሩ ድሩን ይረግጣል፣ እጁ ማጉን ይወረውራል። ጀርባው ይጐብጣል፣ ዐይኑ በጨለማ ቤት ይደክማል። ብዙው ደመወዝ አያገኝም። ደብዳቤ መጻፍም አይችልም፤ ትምህርቱ ገና አልተጀመረምና።

ሕጉ ይህን ይከለክላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለውን ልጅ ቀጥሮ ማሠራትን ይከለክላል፤ በሰው መነገድን የሚከለክለውም አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ቅጣት ይደነግጋል። ሕግ ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ ያለውን ሕፃን አያይም። የሚያየው ጎረቤት ነው፤ የሚያየው ልብሱን የሚቀበለው ነጋዴ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያየው ወደ ሰው ቤት የሚገባ የንስሐ አባት ነው።

ስለ ዓለማየሁ ስናለቅስ ይህን እናስብ። እርሱም ወሳጆቹ እናስተምረዋለን ብለው የወሰዱት የ7 ዓመት ልጅ ነበረ። የእርሱን ስም ታሪክ ጻፈው፤ ሥዕሉም አለ። በድር መካከል የተቀመጠውን የጋሞ ልጅ ግን ሥዕሉን ያነሣው የለም። ለፋሲካና ለጥምቀት ነጠላ ስንገዛ ጥለቱን አገላብጠን እናያለን፣ ፈትሉ ቀጭን መሆኑን እንጠይቃለን፣ በዋጋውም እንከራከራለን። የማን ልጅ ሠራው ብለን ግን አንጠይቅም።

በዘመናችን ያሉ የኪነ ጥበብ ሰዎች ይህን የጨርቅ ቋንቋ እንደ ገና ማንበብ ጀምረዋል። ከጎፋ ሩቅ ባልሆነ በመካኒሳ፣ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከወይዘሮ መስከረም አሰግድ ጋራ በ2011 ዓ.ም. ዞማ ሙዚየምን ከፍተዋል። ኤልያስ ለብዙ ዓመታት በመርፌና በክር፣ በአሮጌ ቍልፍና በተጣለ ጨርቅ ሥዕል ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ሌላው የናቀውን ነገር አንሥቶ መስፋት ለእርሱ የተለያየውን መልሶ ማገናኘት ነው ብንል ሥራውን አናዛባም። በአሜሪካ አገር ደግሞ ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ የተወለደች ፀዳየ መኰንን የምትባል የኪነ ጥበብ ሰው አለች። በኢትዮጵያ መስቀሎች ቅርጽ የተቈረጡ መስተዋቶችን በረጃጅም ጨርቅ ላይ እያደረገች፣ ባሕር ሲሻገሩ የሞቱትን ስደተኞች የምታስብበት ሥራ ሠርታለች። በ2016 ዓ.ም. በባልቲሞር ከተማ በዋልተርስ ሙዚየም ስለ ኢትዮጵያ በተደረገው ታላቅ ትርኢትም የዘመኑን ሥራዎች ከመረጡት አንዷ እርስዋ ነበረች። በጐንደር መጋረጃ ላይ የሞተ ንጉሥ ተሥሎ ነበረ፤ በዚህች ሴት ጨርቅ ላይ ደግሞ መቃብር ያላገኙ ተራ ሰዎች ይታሰባሉ። ከዚያ እስከዚህ ያለው መንገድ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ነው፤ ክሩ ግን አልተበጠሰም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ስለ መጋረጃው የምንለው ይህ ነው፤ ሁለቱ ሙዚየሞች ባለቤትነቱን እስኪጨርሱ ድረስ እንኳ፣ ተለያይተው ያሉትን ክፍሎች አንድ ጊዜ በኢትዮጵያ ምድር ጎን ለጎን ሰቅሎ ማየት የሚያስቸግር ነገር አይደለም። የጐንደር ካህናትና የጐንደር ልጆች አባቶቻቸው ያሠሩትን ሙሉ ሆኖ ሊያዩት ይገባል። ስለ ቀሚሱም እንዲሁ ነው፤ ንግሥቲቱ በትግራይ ምድር ተቀብራ ልብስዋ በለንደን መስተዋት ውስጥ የሚኖርበት ምክንያት ከዘረፋ በቀር ሌላ የለም። ይህ ጥያቄ ጊዜ የሚወስድ ነው፤ እኛ ካለፍን በኋላም የሚጠይቁት ልጆች ይኖራሉ።

ስለ ነጠላው ግን ለንደን ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግም። በጎፋም ሆነ በሽሮ ሜዳ እያንዳንዱ ደብር ሰበካውን ያውቃል። የንስሐ አባት ለመስቀል ጠበል ሊረጭ ወደ ሸማኔ ቤት በገባ ጊዜ በጉድጓዱ ዳር የተቀመጠውን ልጅ ስምህ ማነው፣ እናትህስ የት ናት ብሎ ይጠይቀው። ነጋዴውም ልብስ ሲቀበል ሠሪውን ይይ። ገዥውም ከዋጋው በፊት ይጠይቅ። መልሱ የማያስደስት ሲሆን ለሚመለከተው ማስታወቅና ልጁ ወደ ወላጆቹ እንዲመለስ መርዳት ከአንድ ደብር አቅም በላይ አይደለም። ዓለማየሁን ወደ እናቱ የሚመልስ ኃይል በማንም እጅ የለም፤ እናቱ በጨለቆት፣ እርሱም በዊንድሰር ሞተው ተቀብረዋል። የጋሞው ልጅ እናት ግን ዛሬ በሕይወት አለች፤ በእንሰትዋ መካከል ቆማ መንገዱን ታያለች።